አሥር ተብሎ የተጻፈበት ስሚንቶ

ልጄ ሳናቶምቢ ከቤታችን ጀርባ፣ በኩሬውና በቀርከሃው መካከል ያለውን ቦታ ስትጠርግ ሳያት፣ ወገቧ ተሰብሮ አልጋ ላይ የዋለች መሰለኝ። የእኔ ነገር እንዲህ ነው፤ ሰው ሲያስነጥስ ቀብሩ ይታየኛል። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ክብደት ማንሳት ትፈልጋለች። ጣውላ አነጠፈች፤ ወፍራም የብረት ቱቦ አመጣች። የቀረው ከቱቦው ጫፍና ጫፍ የሚሰካው ክብደት ነበር።

በሰፈራችን ክብደት የሚሠራው በቀለም ጣሳ ነው። ስሚንቶና አሸዋ አፉ ድረስ ከሞላ አሥር ኪሎ ነው ይባላል፤ ማንም አይመዝነውም።

«ኢማ፣ አንቺ አቡኪልኝ። ጭቃ የለመደ እጅ አለሽ» አለችኝ፤ ኢማ የምትለኝ እናቴ ስትል ነው።

ግድግዳ ስንለስን ጭቃው እንዳይሰነጠቅ የሩዝ እብቅ እንጨምርበታለን። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ እብቁን ስሚንቶው ላይ ዘረገፍኩት፤ ግማሽ በግማሽ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለች ተመልሳ።

«እንዳይሰነጠቅ ነው።»

የፈለግኩት ግን እንዲቀልላት ነበር።

በየክብደቱ ላይ በቀይ ቀለም «10» ብላ ጻፈች። አራቱ ከአሥር ኪሎው ቱቦ ጋር ሃምሳ። አራት ወር ሙሉ ከራሷ በላይ ስታነሳው ጎረቤታችን ጋምቢር በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግግ ነበር።

«ባልሽን ተሸክመሽ ልትሄጂ ነው?»

«አንተንም እጨምርሃለሁ አጎቴ፤ ቀላል ነህ።»

እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ለክብደት አንሺዎች ምርጫ ወደ ኢምፋል ከተማ አብሬያት ሄድኩ። ማሟሟቂያ ክብደቱን ትልልቆቹ ስለያዙት በባዶ ዘንግ ብቻ ተፍታታች። «ከሃምሳ እጀምራለሁ» ብላ አስመዘገበች። አንዴ ከተጀመረበት ክብደት ወደ ታች መውረድ አይቻልም፤ ሙከራውም ሦስት ነው። ሦስቱንም ጊዜ ከጉልበቷ አላለፈም።

በማግስቱ ጠዋት ጣውላውን ስትነቅል አገኘኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሰው ፊት ስቆም ጉልበቴ ይከዳኛል። ፈሪ ነኝ ኢማ፤ ባንቺ ወጥቼ ነው። ይቅርብኝ።»

ዝም ብል የተመኘሁት ሁሉ ይሆንልኝ ነበር። ዝምም ብዬ ነበር፤ ሁለት ጣውላ እስክትነቅል ድረስ። ከዚያ የእብቁን ነገር ነገርኳት።

አንዱን ክብደት ተሸክማ ሰፈራችን ዓሣ ሻጭ ዘንድ ልታስመዝነው ሄደች። ስትመለስ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር።

«ሰባት ኪሎ ነው። ለምን?»

«ወገብሽ…»

«ወገቤ ምንም አልሆነም። አሁን የሚቀጥለውን ምርጫ አንድ ዓመት ሙሉ እጠብቃለሁ።»

ጣውላውን መልሳ አነጠፈች። ከሰዓት በኋላ አዲስ ስሚንቶ አመጣች። እኔ አሸዋውን ነፍቼ ጠበቅኳት።

«ላቡካልሽ?»

«አይ። እዚያ ቁጭ በይ።»

ተቀመጥኩ። ወንፊቱን ከእጄ ወስዳ፣ የነፋሁትን አሸዋ እንደገና ነፋችው።