ሁለት ነጥብ አምስት

"ፊርዶስ፣ ቶሎ በይ አቦ! መኪናው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው!"

ነርሷ ሻሚስ የሱቁ በር ላይ ቆማ ትቁነጠነጣለች። ፊርዶስ ከፕሪንተሩ የሚወጣውን ወረቀት እየተቀበለች ደረደረች፤ አርባ ቅጂ ነው። ሻሚስ የምትሠራበት የግል ክሊኒክ መልካ ጀብዱ ላይ ለሕፃናት የትኩሳት ሽሮፕ ሊያድል ነው። ሽሮፑ በአንድ ጊዜ ስንት ሚሊ እንደሚሰጥ የተጻፈው እዚያ ወረቀት ላይ ነው።

"በአፌ የነገርኳቸውን ይረሱታል፤ የሚያምኑት ወረቀቱን ነው" አለችና ሻሚስ ተቀብላት ሮጠች።

ፊርዶስ ደቻቱ ድልድይ አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቅ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ጎኑ ላይ አራት የቀለም ታንክ ያለውን የዚህን ፕሪንተር ጠባይ ጠንቅቃ ታውቃለች። የድሬ ሙቀት ቀለሙን ማተሚያው ጫፍ ላይ አድርቆ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ስለዚህ ሱቋን ስትዘጋ በራሱ ቁልፍ ታጠፋዋለች፤ ጫፉ ወደ ማረፊያው ተመልሶ እስኪከደን ትጠብቃለች። ሥራ በሌለበት ሰሞን እንኳ በየሁለት ቀኑ አንድ ባለቀለም ገጽ ታትማለች።

ሐሙስ ዕለት ግን የአጎቷ መርዶ ሲደርሳት፣ በሥራ ላይ የነበረውን ማሽን ገመዱን ከግድግዳው ነቅላ ወጣች። ጫፉ ሳይከደን አራት ቀን ከረመ። ዛሬ ስትመለስ ደግሞ ሻሚስ አጣደፈቻትና የፍተሻ ገጽ ሳታወጣ አተመች።

አሁን ልቧ አላርፍ አላት። የፍተሻውን ገጽ አወጣች። ጥቁሮቹ መስመሮች እዚህም እዚያም ተበጣጥሰዋል። አንድ የተረፈ ቅጂ ነበር፤ ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አየችው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ ሰረዝ የቁጥሮቹን እግር ቆርጦ አልፏል። "2.5 ሚሊ" መሆን የነበረበት "25 ሚሊ" ይላል።

ሻሚስ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። ደገመች፤ አይነሳም። ሱቋን ዘግታ ባጃጅ አስቆመች።

"መልካ ጀብዱ፣ ኮንትራት።"

ሹፌሩ ሚክዳድ የሰፈሯ ልጅ ነው። "ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።"

"ንዳ ብቻ።"

መንገዱ አላልቅ አላት። ሃያ አምስት ሚሊ የጠርሙሱ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። ያንን የሚውጠው ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ነው።

ሻሚስን ቆርቆሮ ጥላ ሥር አገኘቻት፤ እናቶች ከበዋታል።

"ወረቀቱን አትስጪ! ነጥቧ አልታተመችም!"

ሻሚስ አንዱን አንስታ አየችና ፊቷ አመድ መሰለ። "ያ ረቢ! አሥራ አንድ ሰው ወስዷል።"

"በቃልሽ ነግረሻቸዋል አይደል?"

"ነግሬያቸዋለሁ። አባትየው ቤት ሆኖ ወረቀቱን ቢያነብስ?"

የእናቶቹ ስምና ስልክ ያለበትን መዝገብ ይዘው ለሁለት ተካፍለው ደወሉ። አሥሩ ተገኙ። አያን የምትባለው እናት ግን ስልክ የላትም። የስምንት ወር ልጇ በትኩሳት እየነደደ ነበርና እየተጣደፈች ነው የሄደችው። ከሄደች አንድ ሰዓት ሊሞላት ነው።

ሚክዳድ ጥሩምባውን ነፋ። "ፊርዶስ፣ ከዚህ ወዲያ ባጃጅ አይገባም። ወደ ከተማ ልመለስ ነው፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?"

"ሂጂ" አለች ሻሚስ። "እኔ ሰው ፈልጌ እልካለሁ። ማሽን ነው የተሳሳተው፣ ምን ታደርጊ።"

"ማሽኑ አይደለም፤ እኔ ነኝ።" ፊርዶስ ወደ ሚክዳድ ዞረች። "አንተ ሂድ።"

ከዚያ የጫማዋን ማሰሪያ አጥብቃ ሻሚስን ጠየቀቻት።

"የአያን ቤት በየት በኩል ነው?"