ዘንድሮን ደግሞ ይተዉልኝ

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ቤት ውስጥ አንድ ሁለቱን አገጭ ሥር ሸጉጦ ማጠፍ ይቻል ይሆናል፤ በቀን ሺህ አንሶላ በሚታጠብበት ሆስፒታል ግን ሥራው የጥንድ ነው። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ አንዷ በዚያ ጫፍ ትይዛለች። ወጠር አድርገው ያራግፉታል፣ ይቀራረባሉ፣ ጫፍ ለጫፍ ያገናኛሉ፣ ይለያያሉ፣ እንደገና ይቀራረባሉ። ከሩቅ ላያቸው ሰላምታ አልበቃ ያላቸው ዘመዳሞች ይመስላሉ። አንዷ ስትፈጥን ሌላዋም ትፈጥናለች። አንዷ ቀጥ ካለች ግን ሌላዋም ጨርቁን እንደያዘች ቀጥ ከማለት በቀር መላ የላትም።

«ሐውልት»ን ማንም ጥንዴ ትሁን የማይለው በዚህ ምክንያት ነበር።

ስሙን ያወጣችላት «ሬዲዮ» ናት። ሬዲዮ ካውያው ላይ የምትሠራ፣ ድምጿ ከማሽኑ ድምፅ በላይ የሚሰማ፣ ማታ የተጸነሰ ወሬ ጠዋት የምታዋልድ ሴት ናት። «እኔ ሐሜት አልወድም» ትላለች መጀመሪያ፤ «ግን ይቺ ሴትዮ እርግብ አናቷ ላይ ቢያርፍባት እንኳ እሽ አትልም።» ካውያው ዙሪያ ያሉት ሁሉ ይስቃሉ። ሐውልት ትሰማለች፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም አይነበብም።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ከአራት ዓመት በፊት የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጇ እዚሁ ሆስፒታል፣ ዋርድ ሰባት ውስጥ ሞተችባት። ከወር በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ሰውነቷ ተመለሰ ማለት ይሻላል። ሁለት አንሶላ ታጥፋለች፣ ሦስት ታጥፋለች፣ አራተኛው ላይ ጫፉን እንደያዘች ትቆማለች። አታለቅስም፣ አትናገርም። ጥንዷ «ኧረ በፈጠረሽ!» ብላ ጨርቁን ስትጎትተው ያኔ ብቻ ትነቃለች።

የክፍሉ አለቃ ለጡረታ ትንሽ የቀራት፣ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» የሚላት ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለደችም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደምና ላብ ስታጥብ ኖራ እጇ ነጭ ሆኗል። አምና በዚህ ወቅት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራት። በዕድሜ ልጇ ሊሆን የሚችል፣ ከወንበሩ ተነሥቶ የሚቀበላት ጨዋ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ሦስት ዓመት ታገሥን» አላት። «ይቺ ሴት ቦታውን በከንቱ ይዛለች። በእሷ ምትክ የሚሠራ ሰው ላምጣልዎት።»

አለቃዋ ያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ በሆስፒታሉ ጸሎት ቤት ነበረች። ሽማግሌው ቄስ ያቺን የማታፈራ በለስ እያነሡ ሰብከው ነበር። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ቁረጣት አለ፤ አትክልተኛው ግን አንድ ዓመት ጨምርላት፣ ዙሪያዋን ልኮትኩት፣ ፋንድያ ላድርግላት፣ እንቢ ካለች ያን ጊዜ ትቆረጥ ብሎ ለመነ። ሥራ አስኪያጁ «ሦስት ዓመት» ሲል አለቃዋ ያቺ በለስ ትዝ አለቻት።

«ዘንድሮን ደግሞ ይተዉልኝ» አለች። «እኔው ጥንዷ እሆናለሁ። ዙሪያዋን እኮተኩታለሁ። ካልሆነ በራሴ እጅ ፈርሜ አሰናብታታለሁ።»

የኩትኮታው ነገር ለሥራ አስኪያጁ አልገባውም። ቢሆንም ፈረመላት።

ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱ አጠረላት። ለዓመታት ጸሎቷ ደርቆ ነበር፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ልቧ የለም። አሁን ግን ይህን ሁሉ ዘመን ለምን እንደኖረች የነገሯት መሰላት። ለዚህ ኖሯል፣ አለች። ይቺ አንዲት ዛፍ እንድታፈራ ኖሯል።

ኮተኮተች። መጀመሪያ በወሬ ሞከረች፤ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ቦይለሩ ጠባቂ ሦስተኛ ሚስት። መልስ የለም። በሁለተኛው ወር ዝምታን ሞከረች፤ በዝምታማ ሐውልት የምትበልጣት ሆነች። በአምስተኛው ወር አንድ ነገር አስተዋለች። ሴትዮዋ የምትቆመው በማንኛውም አንሶላ ላይ አልነበረም፤ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር በተሰፋበት፣ በዋርድ ሰባት አንሶላ ላይ ብቻ ነው። መድኃኒቱን አገኘሁት ብላ አለቃዋ የቀይ ክሩን ጋሪ ለሌላ ጥንድ ሰጠች። የባሰ መጣ። ሐውልት አሁን ሁሉም አንሶላ ላይ እየቆመች፣ ጠርዙን በጣቷ እየዳበሰች ቀይ ክር መፈለግ ጀመረች። ጋሪው ተመለሰ። ትራስ ልብስ ላይ መደበቻት፤ እሱ ጥንድ አይፈልግም። አንዱን የትራስ ልብስ ጭኗ ላይ አድርጋ ከጠዋት እስከ ምሳ ተቀመጠች። እሑድ ቤቷ ጠራቻት፤ መጣች፣ ተቀመጠች፣ የቀረበላትን ቀመሰች፣ ሄደች።

ሌሎቹ ጥንዶች በቀን ሦስት መቶ ያጥፋሉ። እሷና ሐውልት በዓመቱ መጀመሪያ መቶ አርባ ያጥፉ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ መቶ አርባ ሁለት። ዓመት ሙሉ ተኮትኩቶ ሁለት አንሶላ።

የሥራ አፈጻጸም ቅጹ መጣ። ከላይ በቀን የሚታጠፈው ብዛት ይሞላል፤ ከታች «ትቀጥል» ወይም «ትሰናበት» ይባልና ይፈረማል። አለቃዋ እርሳሷን ይዛ ከጠረጴዛዋ ተቀምጣ ሳለ ሬዲዮ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች፤ እንደ ወትሮዋ ግን አልጮኸችም።

«እትዬ፣ ሦስት መቶ ብለው ይጻፉና ይገላገሉ። ከየክምራችን ትንሽ ትንሽ ወደ እናንተ ብንገፋ ማን ያውቃል? እግዜርም ቢሆን አንሶላ አይቆጥርም።»

«አንቺ ነሽ ይህን የምትይው? ስም ያወጣሽላት?»

«ስም ማውጣት ሌላ፣ ጉሮሮ መዝጋት ሌላ። ለማላገጥም እኮ ሴትዮዋ መኖር አለባት!»

ሬዲዮ ስትሄድ አለቃዋ በእርሳስ ሦስት መቶ ብላ ጻፈች። አየችው። ጥሩ ቁጥር ነው፤ ሙሉ ነው። ይህ ቁጥር እዚያ ከቆመ ዛፏ አፍርታለች፣ አትክልተኛው አላፈረም፣ ሠላሳ አንዱ ዓመትም በከንቱ አልሄደም። ግን ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ በክር የታሰረ ፍሬ መሰላት፤ ሰው ያየዋል እንጂ አይበላውም። ላጲስ ፈልጋ አጠፋችው። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሻከረ።

ተነሥታ ወደ ቄሱ ሄደች። ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ምሳቸውን ጨርሰው ጥርሳቸውን በስንጥር ይጎረጉሩ ነበር።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ያቺ በለስ በማግሥቱ ዓመት አፈራች ወይስ ተቆረጠች?»

«የቷ በለስ?»

«አምና የሰበኩልን።»

ቄሱ ስንጥራቸውን አስቀመጡ። «አልተጻፈም» አሉ።

«እንዴት አልተጻፈም?»

«ጌታ ምሳሌውን እዚያ ላይ አቆመው። አትክልተኛው ለመነ፤ በቃ። ባለቤቱ እሺ ይበል፣ እንቢ ይበል፣ እሱ እንኳ አልተጻፈም።»

«አባ! አምና ይህን አልነገሩንም እኮ!»

«የጠየቀኝ የለም። ደግሞ ምሳ ሰዓት ነበር፤ ግማሾቻችሁ ታንቀላፉ ነበር።»

አለቃዋ አልሳቀችም። «እኔ አላንቀላፋሁም። እኔ ይኸው ዓመት ሙሉ ስኮተኩት ከረምኩ። ታፈራለች ብዬ። እግዚአብሔር ለዚህ ነው የፈጠረኝ ብዬ።» ድምጿ ተሰበረ። «አላፈራችም።»

ቄሱ ቃል የሚያበዙ ሰው አልነበሩም፤ ሟች ባለበት ቤት ሲገቡ እንኳ ቃል ቆጥበው ነው። «ልጄ» አሏት፣ «ታገሺ፣ ታፈራለች ብልሽ መዋሸት ይሆንብኛል። አርባ ዓመት ሰብኬ ያፈራ ሰው ብዙ አላየሁም። ራሴንም ጨምሬ።»

«ታዲያ አትክልተኛውስ? እሱ ምን ሆነ?»

«እሱም አልተጻፈም። ዶማውን እንደያዘ ነው የቀረው።»

ማጽናኛ ፍለጋ ሄዳ ዶማ ተሸክማ ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ቅጹን ሥራ አስኪያጁ ፊት አኖረችው። መቶ አርባ ሁለት ይላል። ከታች ያለው ባዶ ነበር።

«እትዬ፣ አምና ያሉትን አልረሳሁም» አላት፤ ማሳፈሩ እሱኑ አሳፍሮት ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዙሮ። «በራሴ እጅ ነው ያሉት።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዘንድሮን ደግሞ ይተዉልኝ።»

«የተለወጠ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ይለወጣል ብለው ያስባሉ?»

«አላስብም።»

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ተደገፈ። «እንግዲህ ይፍረዱኝ። እኔ ያለኝ የተቆጠረ ቦታ ነው። እሷ ቆማበታለች።»

«ቦታ ከሆነ የኔን ይውሰዱ።» አስባው የመጣችው ነገር አልነበረም፤ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው። «ካውያ ላይ ያለችውን አለቃ ያድርጓት፤ አፏ እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። በእሷ ቦታ አዲስ ሰው ይቅጠሩ። እኔ ወርጄ ማጠፍ ላይ እገባለሁ። ሁለታችንን እንደ አንድ ሰው ይቁጠሩን።»

«በዚህ ዕድሜዎ? ቀኑን ሙሉ ቆመው?»

«ቆሜ ነው የኖርኩት።»

«አንድ ዓመት ከአራት ወር ነው የቀረዎት። ጡረታ ሲወጡስ?»

«ያኔ ታሰናብቷታላችሁ።»

«ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ እትዬ?»

«አላውቅም» አለች። እውነቷን ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ባዶ ወረቀት ሳብ አድርጎ ሰጣት። «በፈቃዴ ብለው ማመልከቻ ይጻፉ። ነገ አስገደዳት እንዳልባል።»

ሰኞ ዕለት ቁልፎቹን ለሬዲዮ አስረከበች። ሬዲዮ አለቀሰች፤ «እኔ ለዚህ አልበቃም» አለች፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን «ፈጠን! ፈጠን በሉ እንጂ!» የሚለው ድምጿ ቦይለሩ ድረስ ይሰማ ጀመር። የቦይለሩ ጠባቂ በበሩ ብቅ ብሎ «እትዬ፣ ሲሾሙ ሳይበሉ ተሻሩ እኮ!» ሲላት የቀድሞዋ አለቃ እጇን አወዛወዘችለትና ወደ አንሶላዋ ተመለሰች።

ሐውልት ሁሉንም ሰምታለች፤ ሬዲዮ ባለችበት ያልሰማ የለም። ከረፋዱ በኋላ ቀይ ክር ያለው አንሶላ እጃቸው ላይ ሲደርስ እንደ ልማዷ ቆመች። ነገር ግን ዓይኗን አነሣች።

«ለምኑልኝ አልኩዎት?»

በዓመቱ ውስጥ ከአፏ የወጣ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

«አላልሽኝም።»

«በየቀኑ ያዩኛል። ጠዋት ያዩኛል፣ ማታ ሲሄዱ ያዩኛል። ዛሬስ ተሻላት ይሆን ብለው ያዩኛል።» ድምጿ አልጨመረም። «እንዲሻለኝ አልፈልግም። ከተሻለኝ ማን ያስታውሳታል? አባቷ ሌላ ወልዷል።»

የቀድሞዋ አለቃ አትክልተኛ ነኝ ስትል ነበር የከረመችው። ለካ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እየመጣች ቅጠል ስትገልጥ፣ ፍሬ ስትፈልግ፣ ስታጣ ፊቷን ስታጠቁር የነበረችው የበለሷ ባለቤት እሷው ራሷ ነች። ይህ ሲገባት ከሁሉ በላይ አፈረች፤ ቅጹ ላይ የውሸት ቁጥር ጽፋ ብትያዝ እንኳ እንዲህ አታፍርም ነበር።

«ከእንግዲህ እንደዚያ አላይሽም» አለች።

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ጫፉን እይዛለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«ጡረታ እስክወጣ። አንድ ዓመት ከአራት ወር።»

«ከዚያስ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «ከዚያማ ያሰናብቱሻል» አለቻት።

ሐውልት ራሷን ነቀነቀች፤ የእስሩን ዘመን እንደተነገረው እስረኛ። ምስጋናም ቁጣም አልነበረበትም። ከዚያ ዓይኗን ወደ ቀዩ ክር መለሰች።

የቀድሞዋ አለቃ ቃሏን ልትጠብቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እርጥበት የላጠው ቀለም እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ልትጸልይ ፈለገች፤ ምን ብላ እንደምትጠይቅ አላወቀችም፤ የምትፈልገውን ፍሬ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ትታው መጥታለች። ትከሻዋ መታመም ጀመረ። በግራና በቀኝ ክምሩ ይቆለላል፣ ጋሪዎች ይሄዳሉ፣ አዲሷ ቅጥር ትስቃለች።

«እትዬ!» አለች ሬዲዮ ከካውያው ጀርባ፤ አለቅነቱ ገና አፏን እያደናቀፈው። «ምነው ቆማችሁ?»

«ቆመናል» አለች።

ያን ቀን መቶ ሠላሳ አንድ አጠፉ።