የፊርደውስ አሥራ ሁለት ቃላት

«ያላ ሲቲና፣ ጻፊውና እንገላገል! ሰውዬው እየጠበቀ ነው» አለች ጓደኛዋ ሙና፣ ሊያስተዛዝኑ ለተዕዚያ የመጡት ሴቶች እንዳይሰሙ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሲቲና በዐረብ አገር፣ መዝረዓ በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ ክፍል ጥግ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አፍጥጣለች። ታላቅ እህቷ ፊርደውስ በመኪና አደጋ ሞተች፤ ስልኳም አብሯት ደቀቀ። ኮምቦልቻ ላለችው ልጇ ያጠራቀመችው ሁሉ ግን ወደ ዲጂታል ገንዘብ ተቀይሮ ዋሌት በሚባል የስልክ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው። ሙና ልትረዳ ብላ ፌስቡክ ላይ ብትጠይቅ፣ «የዋሌቱ ሠራተኛ ነኝ» ያለ ሰው ሊንክ ላከላት። የተጫነው መተግበሪያ ምልክቱም ቀለሙም ቁርጥ የፊርደውስን ነው። የሚጠይቀው ዋሌቱን በየትኛውም ስልክ የሚከፍቱትን አሥራ ሁለት የሚስጥር ቃላት ብቻ።

ሦስቱን ጻፈች። አራተኛው ላይ ጣቷ ቆመ።

ቃላቱን ያጠናችው ራውሼ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ነበር። ፊርደውስ የአሠሪዋን የማዳሟን ውሻ እየጎተተች፣ እንደ መድረሳ ልጅ በዜማ ታስብላታለች፤ ሲቲና ስትስት ሳቋ አላፊ አግዳሚውን ያዞራል። ሲቲና ሳትደናቀፍ በቃሏ የወጣቻቸው ቀን ግን ፊርደውስ አልሳቀችም።

«ስሚኝ ሲቲዬ። እኔ አንዴ ተበልቻለሁ። በሐሰተኛ ዋሌት ልፋቴን ሙልጭ አድርገው ወሰዱት። አፍሬ ለሰው ሳልናገር እንደገና ጀመርኩ። ሰው በላከልሽ ሊንክ አትጫኚ። ቃላቱን የሚጠይቅሽ ሁሉ ሌባ ነው። ወላሂ፣ እኔ ራሴ ደውዬ ብጠይቅሽ እንኳ አትንገሪኝ!»

«ሙና፣ ቃላቱ ለሰውዬው ምን ያደርጉለታል?» አለች ሲቲና ከስልኳ ቀና ብላ።

«ያኒ... ለማረጋገጥ ነው አለኝ።»

የሙና ስልክ ጮኸ፤ ሲቲና ተቀብላ አነሳችው። «ቶሎ በይ እንጂ እህቴ! ዛሬ ካልከፈትሽው ገንዘቡ ይቃጠላል» አለ ሰውዬው።

«ይቃጠል!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

መተግበሪያውን አጠፋችው። የዋሌቱን ድረ ገጽ አድራሻ በገዛ እጇ ጽፋ ገባችና ከዚያው አወረደች። የመተግበሪያው ሠሪ ስም ከቅድሙ የተለየ ነው፤ የቅድሙ የሌባ ነበር። ከሙናም ዞር ብላ፣ «ቢስሚላህ» ብላ ቃላቱን በልቧ እያዜመች ጻፈች።

ገንዘቡ ሳይነካ ብቅ አለ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከቀብሩ ወዲህ እንባ እምቢ ብሏት ነበር። ሴቶቹ ሐዘኑ የጠናባት መስሏቸው ከበቧት፤ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» እያሉ ጀርባዋን ያሻሉ። እሷ ግን ደረቷ ላይ የተጫነው ድንጋይ እየተንከባለለ ሲወርድ ይሰማታል።

ሙና ከበሩ አጠገብ ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። «በእጄ ላስበላሽ ነበር እኮ።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? ፊርደውስንም አታለዋታል። ኸላስ፣ አለፈ።»

ምግብ ቀረበ። ሲቲና ከእህቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራባት። ከኹብዙ ቂጣ ቆርሳ ፉሉን ጠቅልላ፣ እጇን እንደ ልማዷ ወደ ግራ፣ ፊርደውስ ሁልጊዜ ወደምትቀመጥበት ዘረጋች። ጉርሻው አየር ላይ ቀረ።

ሙና ቀስ ብላ መጥታ በግራዋ ተቀመጠችና አፏን ከፈተች።