እንደ ነበረው አድርግልኝ

«አሁን ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት ወንድሟ፣ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ።

«ጋሼ፣ ሊመሽ ነው እኮ። ጨርሰህ ከሆነ እንሂድ።»

«ጨፍኚ ብያለሁ።»

ጨፈነች። ከዚህ ሰውዬ ጋር መከራከር ትርፉ ድካም መሆኑን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ማብሪያው ቀጭ ሲል ብርሃኑ በተከደነው ዓይኗ በኩል ሳይቀር ገባ። ስትገልጥ የግቢው አጥር፣ የውሃ በርሜሉ፣ ገመድ ላይ የተሰጣው የልጇ ዩኒፎርም ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኗል። ባለ አራት ጎማ ሞተሯ ግንባር ላይ፣ አንዲት ጭል ጭል የምትል መብራት በነበረችበት ቦታ፣ የሾርባ ሳህን የሚያካክሉ ሁለት ፓውዛዎች ጎን ለጎን ተገትረዋል።

ሰውየው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። በጋራዡ ሰፈር በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ምርቃት» ነው የሚሉት፣ አንድ ተጠይቆ ሁለት ካልሰጠ እንቅልፍ ስለማይወስደው። አንድ ጊዜ እህቱ የበር ደወል አስገባልኝ ብላው ነበር። ያስገባላት ደወል እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰፈሩን በሙሉ ነው የሚያስወጣው፤ ማን እንደጠየቃት ጎረቤቶቿ ከእሷ ቀድመው ያውቃሉ። ክፋት የለበትም። እንዲያውም ክፋት ቢኖርበት ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢሆን ተቆጥቶ መገላገል ይቻላል።

እህትየው ንብ አርቢ ናት። ቀፎዎቿ ከመስኖው ቦይ ዳር፣ መኪና በማይገባበት ቦታ ስለሆኑ ነው ይህችን ሞተር ከነተጎታቿ የገዛችው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጉቶ የፊት መብራቷን ሰበረባት። ቀን ቀን እየሠራሁ እቆያለሁ ብላ ችላ ብትለው፣ ዛሬ ጠዋት ከቀፎዎቹ አጠገብ ያለው እርሻ ኃላፊ ደወለ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሳይነግራት መርጨት ይችል ነበር። ነገ ጎህ ሲቀድ መድኃኒት እንደሚረጩና ንቦቿን ዞር እንድታደርግ ነገራት። ዐሥራ ሁለት ቀፎ! የቤት ኪራዩም፣ የልጇ ትምህርት ቤትም የሚከፈለው ከእነዚያ ቀፎዎች ነው። ንብ ደግሞ የሚጓጓዘው መሽቶ ሁሉም ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ቀን ከተነሣ መስክ የወጣው ሁሉ ቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለወንድሟ ደወለችና በግልጽ አማርኛ ነገረችው። «እንደ ነበረው አድርግልኝ። ሌላ ምንም እንዳትጨምር።» እሱም «እሺ» አለ። እሺ ሲል ከልቡ ነበር። ፓውዛዎቹን ሱቅ ውስጥ ሲያይ ነው ልቡ የሸፈተው።

አሁን ሞተሯን እየዞረ ያስረዳት ጀመር። ገመዱን ከባትሪው ለብቻው አውጥቶታል፣ ሪሌና ፊውዝ አስገብቶበታል፣ ማብሪያውን አውራ ጣቷ በሚደርስበት ቦታ አድርጎላታል፤ ባትሪዋ እንዳይደክም ሒሳቡን ሠርቶታል። ሥራው ንጹሕ ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም። እሷ ግን ያሳሰባት ሌላ ነገር ነው። ያቺ የተሰበረችው መብራት ላይ የልጇን ደብተር መሸፈኛ ቀይ ላስቲክ ለጥፋባት ነበር። ቀይ ብርሃን ለንብ ጨለማ ነው፤ ነጩን ግን ካየ ተከትሎት ይመጣል። ይህንንም ለወንድሟ ከአንድም ሁለት ጊዜ ነግራዋለች፣ ከሰማ።

«ጋሼ፣ የድሮው መብራት ላይ የነበረው ቀይ ላስቲክ አለ አይደል?»

ራሱን በር ላይ ባቆመው መኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ ከቶ መሣሪያ እየሰበሰበ ነበር። «ያወለቅኩት ሁሉ ተጎታችሽ ላይ ያስቀመጥኩት የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ነው። ምንም አታስቢ!»

አላሰበችም። እዚያው ደርሳ ትለጥፈዋለች።

እሱ በመኪናው ከፊት፣ እሷ በሞተሯ ከኋላ ሆነው ወጡ። የእሱ መኪና አሮጌ ናት፤ ግን የሙሽራ መኪና ይመስል ታበራለች። አምና አንድ ሚኒባስ የኋላ መብራቷን ሽፋን ሲሰብርበት፣ ምርቃት አስመስለው የሠሩትን አልነካም ብሎ የከተማውን መለዋወጫ መደብሮች በሙሉ አዳርሷል። ወራት ፈጅቶበት ጥንዱን ከአንድ ጡረተኛ መካኒክ ጓዳ አገኘው። የገጠመ ቀን የእህቱ ልጅ በጣቷ ብትነካው «አሻራ!» ብሎ ጮኸባት። እህትየው መንገዱን ሁሉ የተከተለችው እነዚያን ሁለት ቀያይ መብራቶች ነው። ፓውዛዎቹን ስታበራ ደግሞ አስፋልቱ ቀን ሆነ፤ ከፊቷ ያለው መኪና በደስታ ጡሩምባውን ነፋ። ጥሩ መብራት ነው፣ አለች በልቧ። ለሌላ ሰው ቢሆን እንዴት ያለ ጥሩ መብራት ነበር።

የእርሻው ዳር ሲደርሱ ጨለመ። መኪናው እዚያው ቆመ። እሷ ፓውዛዎቹን አጥፍታ፣ ተጎታቿን ይዛ ቀፎዎቹ እስኪጀምሩ ድረስ ቀስ ብላ ገባች። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ነው ክፉው፤ በአንድ ጎን ቦዩ፣ በሌላ ጎን የቀፎዎቹ አፍ፣ መሐሉ ሞተሯን ለጥቂት የሚያሳልፍ። አምና ያለ መብራት እደፍራለሁ ብላ ተጎታቿ ቦይ ገብቶ አንድ ቀፎ ውሃ በልቶባታል። ቀኑ ሲያቃጥል ስለዋለ ንቦቹ ገና ሙሉ በሙሉ አልገቡም፤ ግማሾቹ ከቀፎው አፍ ላይ እንደ ጢም ተንጠልጥለዋል። የንብ ልብሷን ለብሳ፣ ጭስ ማጨሻዋን አያይዛ፣ ሳጥኑን ከፈተችና በእጇ ትዳብስ ጀመር። ብሎን። የተሰበረው መብራት። ሽቦ። ላስቲክ የለም።

ምርቃት ከኋላዋ ደረሰ። ጨለማ ውስጥ ስትዳብስ አይቶ አሳዘነችው። «መብራት እያለ!» አለና እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደ።

«ተው!» ያለችው ከቀጭታው በኋላ ነው።

ሦስት ቀፎ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ንቦቹ ወደ ብርሃኑ ግር ብለው መጥተው ፓውዛው መስታወት ላይ እንደ ጠጠር ይንጣጡ ጀመር፤ ከመስታወቱ የተረፉት ደግሞ የንብ ልብስ ያልለበሰ ሰው አጠገቡ ቆሞ አገኙ። ምርቃት እግሬ አውጪኝ አለ። እሷ ተንደርድራ መብራቱን አጠፋችና ጭሱን ትነፋባቸው ጀመር። ብዙ ቆይታ ነው የተረጋጉት። ከመስታወቱ ሥር በጓንቷ ስትዳብስ የሞቱት እፍኝ ሞሉ።

ወንድሟ ራቅ ብሎ የተነደፈ ጆሮውን ይዞ ቆሟል።

«ላስቲኩ የት ነው?» አለችው።

«የቱ ላስቲክ?»

«ቀዩ። ሳጥኑ ውስጥ ነው ያልከኝ።»

ወደ ሳጥኑ ተመለከተ። «ልጅ የለጠፈው ቆሻሻ መስሎኝ… በቢላዋ ፍቄ ጣልኩት። እሱን ካላነሣሁ ብሎኑን አላገኘውም ነበር።»

ከተማ ተመልሶ ላስቲክ መፈለግ የማይታሰብ ነው፤ እስኪደርስ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። ቀፎዎቹን በሸክም አታወጣቸው፣ ብዙ ናቸው፣ ከባድ ናቸው። ጎህ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

«በደንብ እንዲታይሽ ብዬ እኮ ነው» አለ በቀስታ። «እንደ አምናው ቦይ እንዳትገቢብኝ ብዬ ነው፣ እታለም።»

«አውቃለሁ። ሁልጊዜ ለእኔ ብለህ ነው።» የሞቱትን ከጓንቷ አራገፈች። «አንድ ቀን ግን ምን እንደምፈልግ ጠይቀኸኝ አታውቅም። እነግርሃለሁ፣ እሺ ትላለህ፣ ከዚያ አንተ ደስ ያለህን ይዘህ ትመጣለህ። እኔም አመስግኜ እቀበላለሁ። ደወሉን አመሰገንኩ። ሁሉንም አመሰገንኩ። ዛሬ ግን ንቦቼ ሊያልቁብኝ ነው፣ ጋሼ።»

ምርቃት ጆሮውን አሻሸ፣ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ዞሮ ወደ መኪናው ሄደ።

ሄደ፣ አለች። እንግዲህ ተቀይሞ ሄደ። ይሂድ! ጭስ ማጨሻዋን ይዛ ተጎታቿ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች ማለት አይቻልም፣ ግን የራስ መሸፈኛዋን መረብ ገልጣ ፊቷን መጥረግ ነበረባት።

የመኪናው ሞተር ሲነሣ አልሰማችም። ይልቅ ከመኪናው ኋላ በኩል የስልክ መብራት ታየ። የጠበቀ ብሎን ሲፈታ የሚያሰማውን ሲጥታ ሰማች፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ። ተነሥታ ሄደች። ምርቃት ተንበርክኮ፣ ስልኩን በጥርሱ ነክሶ፣ በካቻቢቴ የኋላ መብራቱን ሽፋን እየፈታ ነው። የግራው ወልቆ ከጨርቅ ላይ ተኝቷል።

«ጋሼ፣ እሱንማ ተው።»

ስልኩን ከአፉ አወጣ። «እጅሽን ዘርጊ» አላትና ብሎኖቹን መዳፏ ላይ አስቀመጠ። «እንዳይጠፉ።»

ሁለቱን ቀያይ ሽፋኖች እቅፍ አድርጎ ተመለሰ፤ ንቦቹን ፈርቶ በጣቱ ጫፍ ነበር የሚራመደው። አንዱን በግራው ፓውዛ፣ አንዱን በቀኙ ደግኖ ዙሪያቸውን በናስትሮ ጠቀለለ። አሻራው ሁሉ አረፈበት፣ ልብም አላለው። ሲጨርስ እጁን ወደ ማብሪያው ሰደደና ከመንካቱ በፊት ቆመ።

«ምን ያህል ዝቅ ይበልልሽ?»

እየጠየቃት መሆኑ እስኪገባት ትንሽ ቆየች። «ወደ መሬት። ጎማው ሥር ብቻ ይታየኝ።»

አዘነበለው። «እንዲህ?»

«ትንሽ ጨምር። የግራውን ወደ ቦዩ አዙርልኝ።»

አዞረው። «ላብራው?»

«ቆይ።»

እጁን አንሥቶ ቆየ። እሷ መጀመሪያ ከሚጫኑት ቀፎዎች ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደች የተንጠለጠሉትን በጭስ አስገባች፣ አፋቸውን በወንፊት ሽቦ ዘጋች። እሱ እዚያው እንደ ተማሪ ቆሞ ጠበቃት።

«አሁን» አለችው።

ቀዩ ብርሃን መንገዱ ላይ ተነጠፈ። የቦዩ ጠርዝ ታየ፣ ከቀፎዎቹ እግር ሥር ያለው ሣር ታየ። ያልተዘጉት ቀፎዎች አፍ ላይ የነበሩት ንቦች እንደተኙ ቀሩ፤ አንድም የተነሣ የለም።

አንድ አንድ ጫፍ ይዘው የመጀመሪያዎቹን ቀፎዎች ተጎታቹ ላይ ጫኑ። ሞተሯ ላይ ወጥታ ልትነሣ ስትል ምርቃት ወደ ጎን ዘንበል ብሎ መብራቱን ተመለከተና ዓይኑ በራ። «ስሚ፣ እዚች ጎን ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ…»

ዞራ አየችው።

የቀረውን ዋጠው። «የለም» አለ። «እንደዚሁ ይበቃል።» የመሣሪያ ሳጥኑን ዘጋና ወደ ቀጣዩ ቀፎ ሄደ።