ግማሽ መስኮት

ዳኛው ስልኩን ከዘጉ ቆይተዋል፤ ፎቶ አንሺው ግን የራሱን ስልክ ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ቀርቷል። «ነገ ከምሳ በኋላ ቤቴ ና። ማጉያ መነጽርህን እንዳትረሳ» ነው ያሉት። ሌላ ነገር የለም። እንዴት ዋልክ የለ፣ ደህና ዋል የለ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሙሽሮችና ተመራቂዎች ሁሉ ፈገግ ብለው ያዩታል። ያኔ «ፈገግ በሉ» ያላቸው ራሱ ነው፤ አሁን ግን የሚስቁበት መሰለው።

መቼም የሚፈራ ሰው ምክንያት አያጣም። ይሄኛው ግን ምክንያቱን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ በሻይ ውሃ ነክሮ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ ነው የሸጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ካሜራውን ኪሱ ውስጥ ይዞ መዞር ከጀመረ ወዲህ ፎቶ ቤቱ ዝንብ እሽ የሚባልበት ቦታ ሆኗል። ጡረታ የወጡት ዳኛ አንድ ቀን ለጉርድ ፎቶ መጡና፣ የአንዲት ደሴት የድሮ ፖስት ካርዶች እንደሚሰበስቡ ነገሩት። ሩቅ፣ ሞቃት፣ ዘንባባ የሞላባት ደሴት ናት፤ ተወልደው እስከ ስምንት ዓመታቸው ያደጉባት። «ካገኘህ ጥራኝ» አሉት። ፈለገ፣ ከአንድ በቀር አላገኘም። ሲያጣ ጊዜ ሠራ።

አሠራሩን የቀዳው ከአክስቱ ነው፤ እሷ አታውቅም እንጂ። እናቱ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችው አክስቱ፣ በገበያ አዳራሹ ደረጃ ሥር አሮጌ መጻሕፍትና ፖስት ካርድ ትሸጣለች። ከሸቀጧ መሃል የዚያችው ደሴት ካርድ አንድ ብቻ ነበራት፤ አናቱ ላይ ትልቅ ሰዓት ያለው የወደብ ጉምሩክ ቤት። እሱን ተዋሳትና በማጉያ መነጽር አጠናው፤ የወረቀቱን ውፍረት፣ የቀለሙን አገባብ፣ የጠርዙን አበላል። ከዚያ መለሰላትና ቤቱ ገብቶ አራት ካርድ ሠራ። «ከአንድ ሟች መርከበኛ ሳጥን የተገኙ ናቸው» ብሎ አራቱንም ለዳኛው ሸጠላቸው።

ከአራቱ እንቅልፍ የሚነሳው አንዱ ነው። የባሕር ዳርቻው ፎቶ ሰማዩ ባዶ ሆነበት፤ ባዶ ሰማይ ደግሞ ገዢ አይጠራም። ዞር ሲል ጠረጴዛው ላይ የክብሪት ሳጥን አየ። ሥዕሉ ለመርከብ መንገድ የሚያሳይ ረጅም የመብራት ማማ ነው። ያንን ማማ ገልብጦ አሸዋው ላይ ተከለው። ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ተቀዶ ስለነበር፣ ከላይ ሁለተኛዋ መስኮት ግማሽ ብቻ ነበረች። ሊሞላት አሰበና ሰነፈ፤ እንደ ግማሽ ተዋት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ መልቀሙም አልሆነለትም።

ተወልደው ላደጉባት ሰው፣ ደሴቲቱ ላይ ያልቆመ ማማ መሸጥ! ምን ነክቶት ነው?

ማታ ሚስቱ ገና ከበሩ ስታየው «ፊትህ አመድ መስሏል» አለችው።

«ዳኛው ጠሩኝ።»

«ይጥሩህ፤ ደንበኛህ አይደሉ?»

«ማጉያ መነጽር ይዘህ ና አሉኝ።»

የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ታውቃለች፤ ሻዩንም ያፈላችለት እሷ ናት። «ብልጥ ለብልጥ ዐይን ብልጥጥ ብዬህ ነበር» አለች።

«አልሄድም ብልስ?»

«ካልሄድክማ አመንክ ማለት ነው። ሂድ፣ ዝም ብለህ ስማቸውና ተመለስ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

መቼም ምክር ቀላል ነው። የሚሄደው ግን ወደ ማን ቤት መሆኑን እሷም ታውቃለች። ሰው ዳኛውን በስማቸው አይጠራቸውም፤ «ይግባኝ የለሽ» ነው የሚሏቸው። ሠላሳ ዓመት ሲፈርዱ ምሕረት ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ አጠገባቸው ሰው ቢያነጥስ እንኳ «ይማርህ» ለማለት ፋይሉን ካላየሁ ይላሉ እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ፎቶ አንሺው በዚህ ቀልድ ስንቴ ስቋል። በማግስቱ የብረት በሩን ሲያንኳኳ ግን ሳቁ የት እንደገባ አላወቀም።

ዳኛው ራሳቸው ከፈቱለት። ሲገባ በሩን መልሰው ቆለፉና ቁልፉን የሰደርያቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

ክፍሉ ከወለል እስከ ጣሪያ ደሴት ነው። በመስታወት የታሰሩ ካርዶች ግድግዳውን ሞልተውታል፤ ዘንባባ፣ ጀልባ፣ ነጭ አሸዋ፣ ባለ በረንዳ ሆቴል፣ አሁንም ዘንባባ። መሃል ካለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ከመስታወታቸው የወጡ ካርዶች ተደርድረዋል። የሱ አራቱም ከመሃላቸው አሉ። ሳይፈልጋቸው ነው ያያቸው፤ እንደ ጥፋተኛ ልጆች እነሱም ያዩት መሰለው።

ዳኛው ሻይ ቀዱለት። ቀለሙን ሲያይ ብርጭቆውን ከካርዶቹ አራቀው።

«ከእነዚህ መሃል አንዱ ሐሰተኛ ነው» አሉ። «የትኛው እንደሆነ አውቄዋለሁ። አንተም ባለሙያ ነህና ፈልገህ አሳየኝ።»

አንዱ! የሱ አራት ናቸው፤ እሳቸው የደረሱበት አንዱን ነው። የትኛውን? ሌላውን ቢጠቁም አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱ ደግሞ የቀሩትን ጎትተው ያወጣሉ። ዝም ቢል ለምን ዝም አልክ ይባላል። አጎንብሶ መነጽሩን ከካርድ ካርድ ያንቀሳቅስ ጀመር። እያየ አልነበረም፤ ጊዜ መግዛቱ ነው። የመነጽሩ ጠርዝ ጠረጴዛውን ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል።

«ትንቀጠቀጣለህ» አሉ ዳኛው።

«ሙቀቱ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ሰው በሙቀት ይንቀጠቀጣል እንዴ?»

ከማማው ሌላ ሊሆን አይችልም ብሎ አሰበ። የተወለዱባት አገር ናት፤ ማማ እንደሌለባት እንዴት ይጠፋቸዋል? እሳቸው ከሚሉት ቀድሞ ራሱ ቢለው ይሻላል፤ እኔም በመርከበኛው ሳጥን ተታልዬ ነው ይላል፣ ገንዘቡን ይመልሳል፣ እግራቸው ላይ ይወድቃል። ጣቱን ማማው ላይ አሳረፈ።

«ይሄኛው... ይመስለኛል።»

ዳኛው ካርዱን አዩት። ከዚያ ፈገግ አሉ። ፎቶ አንሺው በሕይወቱ ብዙ ፈገግታ አይቷል፤ እንዲህ ያስፈራው ግን የለም።

«ይሄ? ይሄማ ከሁሉም እውነተኛው ነው» አሉና በሁለት እጃቸው አነሱት። «እዚህ ላይ ወጥቻለሁ። ከእህቴ ጋር። እሷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ እኔ ስምንት። ደሴቲቱን ለቀን ልንሄድ ዋዜማው ነበር። ደረጃው ጨለማ ነው፤ አልወጣም ብዬ አለቀስኩ። እጄን ይዛ እየጎተተች አወጣችኝ። ይቺን ግማሽ መስኮት ታያታለህ? ግማሿ በድንጋይ ተደፍኖ ነበር። ቁመቴ አልደርስባት ሲል እህቴ ትከሻዋ ላይ አወጣችኝና ባሕሩን አየሁ።»

ፎቶ አንሺው ግማሿን መስኮት አፍጥጦ አየ። ድንጋይ የለም፣ ደረጃ የለም፣ ግንበኛም አልደፈናትም። የክብሪት ሳጥን ላይ የተቀደደ ወረቀት ነው።

«መርከቡ ላይ ትኩሳት ያዛት» አሉ ዳኛው ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ባሕር ላይ ነው የቀበርናት። አንድ ፎቶ እንኳ የላትም። ይሄን ሁሉ የምሰበስበው፣ ምናልባት በአንዱ ካርድ ጥግ ቆማ ትገኝ ይሆናል ብዬ ነበር። አላገኘኋትም። ይሄን ማማ ካየሁ በኋላ ግን ሁሉም መጣልኝ። ቀስ በቀስ መጣልኝ፤ መጀመሪያ ደረጃው፣ ከዚያ እጇ። ብታምነኝ፣ አንተ እስክታመጣው ድረስ ረስቼው ነበር።»

ካርዱን እንደ እንቁላል ቀስ ብለው አስቀመጡትና ሌላ አነሱ። አናቱ ላይ ሰዓት ያለው የጉምሩክ ቤት ነው።

«ሐሰተኛው ይሄ ነው። ጉምሩኩ ሰዓት አልነበረውም። በየቀኑ በፊቱ አልፍ ነበር። የሸጠችልኝ በገበያ አዳራሹ ደረጃ ሥር የምትቀመጠው አሮጊት ናት። ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። እኔ ያየሁትን እመሰክራለሁ፣ አንተ በሙያህ ታረጋግጣለህ። ታረጋግጣለህ አይደል?»

እውነቱ መነገር ካለበት፣ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ተረፈ! «አዎ» ብሎ መውጣት ብቻ ነው የቀረው። ደስታው ግን አንድ ትንፋሽ ያህል አልቆየም። አክስቱ ታየችው፤ እግሯ አብጦ፣ ጫማዋን ከፍታ፣ ለገዢ ሁሉ «ጥጉ ታጥፏል፣ አይተህ ግዛ» የምትለው አክስቱ። ልጅ ሆኖ ከሱቅ እርሳስ ሰርቆ ሲመጣ ጆሮውን ይዛ ሱቁ ድረስ የጎተተችው አክስቱ። በዚህ ዕድሜዋ በይግባኝ የለሽ ምስክርነት ብትከሰስ ማን ያምናታል? ካርዱ እውነተኛ ለመሆኑ ከሱ በቀር ምስክር የላትም።

«ክቡር ዳኛ» አለ። «ምናልባት ሰዓቱ ኖሮ፣ እርስዎ ልጅ ስለነበሩ...»

«ዓይኔን ነው የምትጠራጠረው?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እንግዲያው ካርዱ እውነተኛ ነው ትላለህ?»

«ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል የሚባል ምስክርነት የለም። በምን አወቅህ?»

ዓይናቸውን ዓይኑ ላይ ተከሉ። ሠላሳ ዓመት ስንቱ በዚህ ዓይን ሥር ቆሞ እንደቀለጠ አሁን ገባው። ወደ በሩ ተመለከተ፤ ቁልፉ ሰደርያው ውስጥ ነው።

«ከእሱ ስለቀዳሁ» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የቀረውን መመለስ አልቻለም። ሁሉንም ዘረገፈው። አራቱን ካርዶች አንድ በአንድ ለያቸው። ሻዩን ነገራቸው፣ መርከበኛ የሚባል ሰው እንዳልነበረ ነገራቸው። አክስቱ እንደሆነችና ምንም እንደማታውቅ ነገራቸው። የማማውን ነገር ለመጨረሻ አቆየው፤ ቢሆንም ተናገረው። «ከክብሪት ሳጥን ነው የገለበጥኩት። መስኮቷ ግማሽ የሆነችው ወረቀቱ ተቀዶ ስለነበር ነው። ሳጥኑ እስከ ዛሬ አለኝ፤ ላመጣልዎ እችላለሁ። ይሰሩኝ፣ እሷን ግን ይተዉአት።»

ዳኛው መነጽሩን ከእጁ ወሰዱና በግማሿ መስኮት ላይ አጎነበሱ። ጠርዟን አዩት፤ የተገነባ ድንጋይ እንዲህ ብጭቅጭቅ አይልም፤ የሚቀደድ ወረቀት ነው እንዲህ የሚሆነው። ፎቶ አንሺው ዓይኑን ጨፍኖ ነጎድጓዱን ጠበቀ።

ነጎድጓዱ አልመጣም።

«ታዲያ እኔ የት ላይ ነው የወጣሁት?» አሉ ዳኛው። የስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። «ደረጃው ይቀዘቅዝ ነበር። እጇ ላይ ላብ ነበረ። ትከሻዋ እዚህ ጋ ወግቶኛል።»

ፎቶ አንሺው ወለል ወለሉን አየ። ይሄን የሚመልስ ሙያ የለውም።

«ሰዓቱ ነበረ ማለት ነው?»

«ነበረ፣ ክቡር ዳኛ። ካርዱ እውነተኛ ነው።»

«በየቀኑ በፊቱ አልፍ ነበር እኮ!» አሉና ተቀመጡ። የሻይ ብርጭቆአቸውን ሲያነሡ ሳህኑ ላይ ተንቀጨቀጨባቸው፤ መልሰው አስቀመጡት። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር ሲንቀጠቀጥ የቆየው፤ አሁን ሁለት ሆኑ።

«አክስትህን ማንም አይነካትም። ሂድ» አሉና ቁልፉን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ጣሉለት።

ቁልፉን አንሥቶ ሁለት እርምጃ ሄደ። ከኋላው ዳኛው መናገር ጀመሩ፤ ለሱ ይሁን ለግድግዳው አልለየለትም።

«አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ሰው ገድሎ ሲሸሽ አየነው ብለው ሦስት ሰዎች መጡ። ለየብቻ ጠየቅኋቸው። የሸሚዙን ቀለም ሳይቀር ነገሩኝ። እሱ እዚያ አልነበርኩም ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። ዕድሜ ልክ ፈረድኩበት። እዚያው እስር ቤት ሞተ።»

ፎቶ አንሺው ዞረ። «ሦስቱም እውነት አይተውት ይሆናል እኮ» አለ፤ ለማጽናናት ያህል ነው። «የሚዋሽ ሰው ያስታውቃል።»

«አልዋሹም» አሉ ዳኛው። «እኔ ስለ እህቴ እንዳወራሁህ ነው ያወሩት።»

ቁልፉ በሩ ውስጥ ገብቶ አንድ ዙር ዞረ። ውጭ ፀሐይ ነበር፤ የሰው ድምፅ፣ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ከትናንት ጀምሮ የተመኘው መውጣትን ነበር።

«ሁለተኛዋ የፈረድኩባት ደግሞ ሴት ነበረች» አሉ ዳኛው ከክፍሉ ውስጥ።

በሩን ሳይከፍተው ተመልሶ አጠገባቸው ተቀመጠ።