የሦስት ደቂቃው ሰው ፊርማ

«ቤንዚኑ ይሄን ሁሉ ሰው ቢያይ ምን ይል ነበር?» አለ ሾፌሩ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ።

«ተጠባባቂው በዛ፣ ተጫዋቹ የታለ? ነዋ የሚለው» አለ መምህሩ። ከጎናቸው የተቀመጠው ፋርማሲስት አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

ቀስ ብለው ያወሩ መስሏቸው ነው። የሟች ታላቅ እህት ግን ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች፤ የደከመው ዓይኗ እንጂ ጆሮዋ አይደለም።

«ቤንዚኑ ማነው?» አለች።

ፋርማሲስቱ መዳፉን ከአፉ አወረደ።

«አይ እትዬ፣ እንዲያው ለጨዋታ ነው...»

«ማነው አልኩ!»

«ወንድምዎ ነው» አለ ሾፌሩ።

«ወንድሜ አባቱ ያወጣለት ስም አለው። ትናንት ቀብረነው ዛሬ በማደያ ስም የምትጠሩት ምን ቢበድላችሁ ነው? ደግሞ ሻዬን እየጠጣችሁ!»

ለቅሶ ቤት ሰው የሚመጣው ለሟች ብሎ ነው ይባላል። ውሸት ነው። ግማሹ ቤቱን ሊያይ፣ ግማሹ ቀረ እንዳይባል ነው የሚመጣው። እነዚህ ሦስቱ ግን የመጡት ለሟቹ ነበር፤ ይሄን እሷም አትክደውም። ከሃያ ዓመት በላይ እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ ወንድሟ ሰዓት በሚሠራባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተኮልኩለው ካርድ ሲያዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቁማር የሚጫወቱበት ካርታ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ፎቶ የታተመበት፣ መዳፍ የማትሞላ ካርድ ናት። ሦስቱ የሚሰበስቡት ስሙ የገነነውን፣ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀውን ነው። ወንድሟ ግን ከአውሮፓ እየሄዱ እዚያ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ማንም ስማቸውን ሳይዘው የተመለሱትን ብቻ ነበር የሚፈልገው።

«አምፖል ለመቀየር ካልሆነ እነዚህ ብረት መሰላሎች ምን ያደርጉልሃል?» ብላው ነበር አንድ ቀን።

ሰዓት ሲሠራ ዓይኑ ላይ የሚሰካትን መነጽር አወለቀ።

«እታለም፣ እስኪ አስቢው። ካገሩ ተነሳ፣ ባሕር ተሻገረ። ቋንቋ አያውቅም፣ ዘመድ የለው። ዓመቱን ሙሉ ለብሶ ይገባና ለሌላው ፎጣ ያቀብላል። ለሱም ግን ካርድ ታትሞለታል! ያንን ካርድ የሚፈልግ የለም። እኔ ካልፈለግኩት ማን ሊፈልገው?»

ይሄን ሲናገር ሕፃን የተኛበት ክፍል እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። እሷ ምኑም አልገባትም። ወንድሟ አንድ ነገር ፊት ባርኔጣውን እንዳወለቀ ቆሞ እንደሚኖር ብቻ ገባት።

አሁን ሾፌሩ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ለካ አልነገረዎትም፤ ስሙ የመጣው እኮ በሦስት ደቂቃው ሰው ምክንያት ነው» አለ።

የሦስት ደቂቃው ሰው ከአንድ የአሳ አጥማጆች መንደር ተነስቶ አሜሪካ የሄደ ተጫዋች ነው። በዓመት ውስጥ ሜዳ ላይ የቆመው ሦስት ደቂቃ። አንድም ኳስ አላገባም። ተመልሶ ወደ መንደሩ ገባ፤ አለቀ። ሰዓት ሠሪው ካርዱን አፈላልጎ አገኘና ከደብዳቤ ጋር መንደሩ ድረስ ላከለት። በአሥራ አራተኛው ወር ካርዱ ተፈርሞበት መጣ።

«እሑድ ሊያሳየን ቀጠረን» አለ ሾፌሩ። «እጃችንን ታጥበን፣ አድርቀን ሄድን። ባዶ እጁን ተቀምጦ አገኘነው። ‹ሰዓት የማጥብበትን ቤንዚን ደፋሁበት፤ ፊርማው ለቀቀ፤ ጣልኩት› አለን። አስቡት! ያ እጅ እኮ ጸጉር የምታክል ብሎን አይስትም።»

«ያኔ ነው ቤንዚኑ ያልነው» አለ መምህሩ፤ አንገቱን ደፍቶ። «ከዚያ ወዲህ ማናችንም ካርዳችንን አላስነካነውም። ስናወጣ ‹ራቅ በል፣ ቤንዚን› እንለዋለን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።»

«እሱስ ምን ይላል?»

«ይስቃል። እጁን ወደኋላ አጣምሮ ከሩቅ ያያል።»

ክው አለች። የሷ ዝምታ ከስድቧ በላይ ስላስፈራቸው ሦስቱም ተነስተው፣ እግዜር ያጽናዎት ብለው ወጡ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ? ካርዱ የተበላሸበትን ቀን እሷ አስታወሰችው፤ ሌላ ማን ያስታውሰው?

የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራች ሴት ናት፤ ሥራዋ እድፍ ማስለቀቅ። ሌላው ተስፋ የቆረጠበት የጠረጴዛ ልብስ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የሹም ኮት የሚመጣው ወደ እሷ ነው። ፊደል ያልቆጠርኩት እድፍ ቆጥሬ ነው ትላለች፣ ተማርኩ የሚል ሲመጻደቅባት። የወንድሟ ሚስት ስትሞት ጓዟን ጠቅልላ መጥታ ቤቱንም ትንሿን ልጁንም ይዛለታለች። ልጅቷ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እርሳስ ካገኘች ግድግዳ አይቀራትም።

ያን ቀን መስኮቱ ስር፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ካርድ አየች። አንድ ሰማያዊ ሙንጭርጭር የረጅሙን ሰው ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦታል። ልጅቷን ጠርታ በጥፊ አለቻት። ከዚያ ጥጥና አልኮል አመጣችና እንደ ሙያዋ፣ ከዳር ወደ መሃል፣ ሳትቸኩል አስለቀቀችው። ንጹሕ ሆነ። ወንድሟ ሲመጣ ሄዳ አሳየችው።

ካርዱን ተቀበላት። ብዙ ጊዜ አየው። በአንድ እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዟል።

«እታለም» አለ በመጨረሻ፣ «እንዴት ያለ እጅ ነው ያለሽ! ፊቱ ታየ።»

በማግስቱ ለካርዶቹ ሁሉ የፕላስቲክ ኪስ ገዛ። አቧራ እንዳይነካቸው ነው አላት። ከዚያም ቅዳሜ ቅዳሜ አልበሙን ያመጣላታል፤ እሷ ፕላስቲኩን ትወለውላለች፤ እሱ ያመሰግናታል። ለካ ካርዶቹን ከሷ እጅ ያዳናቸው ሥራውን ሳይነጥቃት ነው! እንዲህ ያለ ዝምታ በየት በኩል አደረበት? ስንት ቅዳሜ ነው? ስንት እሑድ?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልበሙን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። የሟች ልጅ፣ አሁን ሙሉ ሴት፣ ዳቦ እየቆረጠች አየቻት።

«አክስቴ፣ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ሰው።»

አገኘችው። አልጣለውም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻውን ነበር።

«ይሄን የሞነጫጨርሽው አንቺ መስለሽኝ ነበር የመታሁሽ።»

ልጅቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። «እኔ አይደለሁም ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ብለሽኝ ነበር» አለች አክስቷ።

ከሰባ ዓመት በላይ ስትኖር ከአፏ ከወጣው ሁሉ ይቅርታ የሚመስለው ይኸው ነው። የቀረው ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ሟች አይናገር። ሦስቱ ሰዎችም ይስቃሉ፤ ተስቆ ተስቆ ይረሳል። ወንድሟ ግን ሰዓት ሠሪ ነው፤ ያለ እጁ ምን ነበረው? የእጁን መልካም ስም ነው ለሷ ሲል ያጠፋው። እንደጠፋ ልትተወው ነው?

ከሰዓት ሦስቱ መጡ፤ ዛሬ ከበሩ አጠገብ፣ እንደ ጥፋተኛ። ሳሎኑ ሞልቷል። እሷ ካርዱን ይዛ ተነሳች።

«እናንተ ሦስታችሁ፣ ስሙኝ። ሌላውም ይስማ። ወንድሜ ቤንዚን አልደፋም። በዕድሜው አንዲት ጠብታ አልደፋም። ፊርማውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በአልኮል ፈትጌ፣ እየፎከርኩ። እድፍ መስሎኝ ነው። እሱ ያውቃል፤ አልነገረኝም። እናንተንም ዋሻችሁ። እንግዲህ ስም ማውጣት ካማራችሁ ይኸው እኔ አለሁ፤ አውጡልኝ!»

መምህሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት» አለ ለራሱ፤ «ያን እጅ ነው ራቅ በል ስንል የኖርነው።»

ሾፌሩ ቀርቦ ካርዱን በሁለት እጁ ተቀበላት። ከፕላስቲኩ አወጣው፤ ጠርዝና ጠርዙን ብቻ ይዞ። ወደ መስኮቱ ሄዶ ብርሃኑ በጎን እንዲመታው አዘነበለው። አንዴ አየ። ደግሞ አየ።

«መምህር» አለ፤ ድምፁ ተለውጧል። «ና እስኪ።»

ቀለሙ ሄዷል እንጂ የእስክሪብቶው ፈለግ አልሄደም። ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ፣ በገደል ላይ እንዳለች ቀጭን መንገድ፣ ስሙ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተኝቷል። ሰውየው ሲፈርም ካርዱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

«ምን ያህል ተጭኖ ነው የጻፈው?» አለ ፋርማሲስቱ።

«ፊርማውን የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅማ» አለ መምህሩ።

«የቱ ጋ ነው?» አለች እሷ።

ሾፌሩ ካርዱን ዝቅ አድርጎ ያዘላት። የካርድ ፊት በባዶ ጣት አይነካም፤ የሦስቱ የመጀመሪያ ሕጋቸው ይሄ ነው። አመልካች ጣቷን አሳረፈች። ሳሙና ሠላሳ ዓመት የላጠው ጣት ነውና ምንም አልተሰማውም። አንስታ ትንሿን ጣቷን ሞከረች። ወረደች፣ ወጣች፣ ዞረች፤ አንድ ቦታ ላይ ጠፋባትና ቆማ ፈለገችው፤ አገኘችው። ማንም ተይ አላላትም። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷን አነሳች፤ ተነፈሰች፤ መልሳ መነሻው ላይ አኖረችው።