የሂልከ እግር አርባ አራት ነው

በቬርቨር ጎዳና ላይኛው ጫፍ ፌና ጫማ ስትሸጥ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። መሸጥ ከተባለ ማለቴ ነው። ጠዋት ትከፍታለች፣ ማታ ትዘጋለች፣ በመሀል የአላፊ አግዳሚውን እግር ታያለች። ከእሷ የተገዛ ጫማ ያደረገ ሰው ካየች ቀኑ ጥሩ ነው ትላለች። ብዙውን ጊዜ ቀኑ ጥሩ አይደለም።

በጥቅምት ማዘጋጃ ቤቱ ለነጋዴዎቹ ደብዳቤ ላከ። በላይኛው ጫፍ ገበያ ስለቀዘቀዘ ማክሰኞ ሰው ይቆጠራል፤ በቂ ሰው ከተገኘ መንገዱ ገበያ ሆኖ ይቀጥላል፣ ካልተገኘ ሱቆቹ መኖሪያ ቤት ይሆናሉ። የፌና የኪራይ ውል የሚያልቀው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። አከራይዋ ደግሞ የቆጠራውን ውጤት ሳላይ አላድስም ብሏል። እንግዲህ የፌና ሱቅ ዕጣ በአንድ ማክሰኞ ላይ ወደቀ።

የነጋዴዎቹ ሊቀመንበር ሩርድ የሾርባ ቤት ባለቤት ነው። እዚያው ሾርባ ቤት ሰብስቦ አወያያቸው።

"ሰው ከየት ነው የምናመጣው?" አለች አበባ ሻጯ።

"እኛስ ሰው አይደለንም እንዴ?" አለ ሩርድ። "ማዘጋጃ ቤቱ የሚልካት ቆጣሪ መልካችንን አታውቅም። አንዳችን የሌላችን ሱቅ እየገባን እንወጣለን።"

"መግዛትም አለብን?" አለ ዳቦ ጋጋሪው ሂልከ።

"ኧረ የምን መግዛት! ፌስታል ይዞ መውጣት ብቻ።"

ሂልከ እፎይ አለ። ማን መቼ የት እንደሚገባ የሚያሳይ ሰሌዳ ወጥቶ ለሁሉም ታደለ።

ማክሰኞ ጠዋት ያካፋ ነበር። ቆጣሪዋ አግዳሚ ወንበር ላይ ጥላ ዘርግታ ተቀመጠች። መንገዱ ጉድ ሆነ! መነጽር ሻጩ አበባ ቤት ይገባል፣ አበባ ሻጯ ሾርባ ቤት ትገባለች፤ ሩርድ ኮፍያ እየቀያየረ ስድስት ጊዜ ተቆጠረ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሂልከ ፌና ሱቅ ገባ። ከእሱ በር እስከ እሷ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ፌና በየጠዋቱ ዳቦ የምትገዛው ከእሱ ነው። እሱ ግን ሱቋን ሲረግጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"ሰባት ደቂቃ ነው የምቆየው" አለና የግድግዳውን ሰዓት ያይ ጀመር።

ፌና እግሩን አየች። "ቁጭ በል እስቲ።"

"ለምን?"

"እንደዚህ ተገትረህ ቆጣሪዋ ካየችህ ሌባ ነው የምትልህ።"

ቁጭ አለ። ጫማውን አወለቀችለትና እግሩን ለካችው።

"ስንት ቁጥር ነው የምታደርገው?"

"አርባ ሁለት።"

"አርባ አራት ነህ።"

"ተይ እንጂ! እግሬን መች አመመኝ፤ እኔ እኮ ወገቤን ነው የሚያመኝ።"

"ወገብህ ምን አደረገህ? ጣቶችህን አጣጥፈህ እየሄድክ!"

ቡናማ ጫማ አምጥታ አደረገችለት። ሂልከ ተነሳ፤ ወዲያ ወዲህ አለ፤ ወገቡን ዳሰሰ። በወገቡ ሕመም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት የተመላለሰ ሰው ነውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፌና በጣም ደስ አላት። ደስታዋ እንዳይታወቅባት ካርቶኖቹን ታስተካክል ጀመር።

"ስንት ነው?"

"መቶ ሃያ ዘጠኝ ዩሮ።"

ሂልከ ስልኩን አወጣና የካርቶኑን ጽሑፍ ፎቶ አነሳ። ከዚያ አሮጌውን ጫማ መልሶ አጠለቀ።

"ባለሙያ ነሽ፣ ፌና!" አለና ባዶ ካርቶን በፌስታል ይዞ ወጣ። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ይኸው ነበር።

በኅዳር መጨረሻ ውጤቱ መጣ። የላይኛው ጫፍ ከተጠበቀው በላይ ጤነኛ ነው ይላል፤ በተለይ ኮፍያ የሚያደርጉ ወንዶች ይበዙበታል። ሩርድ ከደስታው ብዛት ሁሉንም ሾርባ በግማሽ ዋጋ ጋበዘ። አከራይዋም የአምስት ዓመት ውል ላከላት። ፌና ውሉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ብዕር ስትፈልግ በሩ ተከፈተ። በኢንተርኔት የተገዛ ነገር የሚያመጣው ዕቃ አድራሽ ነው።

"ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል። አንቺ ጋ ልተውለት?"

"አምጣው።" የመንገዱ ሰው ዕቃ ሁሉ የሚቀመጠው እሷ ጋ ነው። ሱቋ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ገበያተኛም ስለሌለበት ቦታ ሞልቷል።

እሽጉ ላይ የተጻፈውን አነበበች። ቡናማ ጫማ፣ አርባ አራት። አልተናደደችም፤ ደከማት እንጂ። አድራሹ በዘረጋላት መሣሪያ ላይ በጣቷ ፈረመችለት። ውሉን አጥፋ ወደመጣበት ፖስታ መለሰችው። በዚያ ቀን የፈረመችው ለሂልከ ጫማ ብቻ ነው።

ማምሻውን ሂልከ መጣ። እሽጉን ሲያይ ጆሮው ቀላ። "ቅናሽ እስኪመጣ ጠብቄ ነው እኮ። አሥራ አራት ዩሮ ቀነሱልኝ..."

"ቁጭ በል" አለችው። ተንበርክካ አዲሱን ጫማ አደረገችለትና ማሰሪያውን አሰረችለት።

"ልክክ አለ!"

"የለካሁት እኔ ነኛ።"

ሂልከ እስከ በሩ ሄዶ ተመለሰ፤ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆነ። "ውይ ፌና፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር?"

"ከጥር ጀምሮ ታየዋለህ" አለችና አሮጌ ጫማውን በፌስታል አድርጋ ሰጠችው።